ልጄ ጨዋ ሲሆን

ልጄ ጠዋት ከተረበኝ ደህና አድሯል ማለት ነው።

ሌላው ቤት የልጁን ደህና ማደር የሚያውቀው ግድግዳው ላይ በሚበራው ቁጥር ነው። የእኛም ግድግዳ ላይ ቁጥሩ አለ። አረንጓዴ ሲሆን ዝም በሉ፣ ቢጫ ሲሆን ተነሱ፣ ቀይ ሲሆን ሩጡ ነው ትርጉሙ። እኔ ግን ወደ ግድግዳው ከመዞሬ በፊት ከክፍሉ እስኪወጣ ጠብቄ አንድ ነገር እወረውርበታለሁ።

«ዛሬም ይቺን ሹራብ ነው የለበስካት? አርጅታለች እኮ፣ ጣላት።»

«አንቺ በዕድሜ ትበልጫታለሽ፤ ማን ጣለሽ?»

ተመስገን እላለሁ። ስኳሩ ደህና ነው። ቁጥሩን የማየው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለወጉ ያህል።

ስሜ ፌቨን ነው። በእኛ ጊዜ ፌቨን የዘመናይ ልጅ ስም ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ ሐሴት «አያቴ፣ ስምሽ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ነው?» ትለኛለች። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ሃያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከመስኮታችን በታች ነው የሚተኛው። እንጀራው በመስኮት ይገባል፣ ቆሻሻው በመስኮት ይወጣል። ልጄ ኖላዊ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። የሐሴት እናት አፋር የፀሐይ መስክ ላይ ስለምትሠራ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። ስለዚህ ኖላዊን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እሱ ሠላሳዎቹን ሊጨርስ ደርሷል፣ ጢሙም ሽበት ጀምሮታል፤ ቢሆንም የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ስኳር የያዘው የአንደኛ ክፍል ተማሪ እያለ ነው። ያኔ ጣቱን በመርፌ የምወጋው፣ ደሙን የማየው፣ መድኃኒቱን የምለካው፣ ጭማቂውን ቦርሳው ውስጥ የምከተው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል፣ ዘበኛው አለ። ትክክለኛ ስሙ ረጅም ነው፤ ሰው ሁሉ የሚለው ግን ዘበኛው ነው። ኖላዊ በቀኝ እጁ አንባር ያስራል፤ ሆዱ ላይ ደግሞ ከቆዳው ሥር ቁልፍ የምታህል ነገር አለች። ሲበላ ዘበኛው ሳይጠየቅ ኢንሱሊኑን ይሰጠዋል። መብላቱን እንዴት እንደሚያውቅ ጠይቄ አላውቅም። የሚጠይቅም የለም።

የስኳር መሳቢያችንን የሚከፍተውም ዘበኛው ነው፣ ቁጥሩ ቢጫ ሲሆን ብቻ። በሌላ ጊዜ ብትጎትቺው «አሁን አያስፈልግም» ይላል፣ በትሕትና። እኔ ደግሞ በነጠላዬ ጠርዝ ሦስት ማንኪያ ስኳር ቋጥሬ እዞራለሁ። ክልክል ነው አሉ። ይሁን።

ምክንያቱም ቁጥሩ ሁልጊዜ ከሰውነቱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እኔ ቀድሜ አውቃለሁ። ስኳሩ ሲወርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ፣ የሚያልበው አለ፣ የሚነጫነጭ አለ። ኖላዊም በኋላ ላይ ያልበዋል፤ መጀመሪያ ግን ጨዋ ይሆናል። ያ ምላሰኛ ልጄ፣ እናቱን «ፌቪ» የሚለው፣ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቀመጥና አንቱ ይለኛል። ያኔ ቋጠሮዬን እፈታለሁ።

ኅዳር ላይ ውርጭ አንሸራቶኝ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ዘመኑ የፈለገውን ያህል ቢሠለጥን አጥንት የሚያያዘው በጀሶ ነው። ዘበኛውን የሚያስተዳድረው የክትትል ቢሮ አዝኖልኝ የሚያጎርስ ክንድ ላከልኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፣ እንጀራውን ይጠቀልላል፣ ከዚያ አፍሽን ይፈልጋል። የኔን አፍ አላገኘውም። የመጀመሪያውን ቀን ሽሮውን አፍንጫዬ ላይ ለቀለቀው።

ሐሴት እስክትወድቅ ሳቀች። ኖላዊ ክንዱን ነቀለና ሳጥኑ ውስጥ መልሶ «አይዞሽ፣ ይኼ ገና ሰልጣኝ ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ቤት ካለ ምሳ፣ ማታ ማታ ደግሞ እራት፣ በገዛ እጁ ያጎርሰኝ ጀመር። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለኔ።

«ክፈቺ፣ አሳንሰሩ እየገባ ነው።»

«ቀስ በል አንተ! ታንቀኛለህ!»

«ይኼ ቤት ጸጥ የሚለው መቼ እንደሆነ አሁን ገባኝ» ይልና ሌላ ይደግመኛል።

እውነቱን ነው፣ ብዙ እናገራለሁ። አልበላህም፣ ትንሽ ጨምር፣ ይቺን ብቻ፣ ዛሬ ደረጃ ወጥተሃል፣ ነገ ብርድ ነው እላለሁ። ባሰብኩ ቁጥር እናገራለሁ፣ በተናገርኩ ቁጥር ያጎርሰኛል። አፌን መዝጊያ ሌላ መላ አላገኘም።

በዚያው ሰሞን ነው ስኳሩ መውረድ የጀመረው።

መጀመሪያ አንድ ምሽት፣ ገና ትሪው ሳይነሳ፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መስኮቱን ልዝጋልዎ?» አለኝ። መስኮቱ ዝግ ነበር። በግራ እጄ ስኳሩን ውኃ ውስጥ በጥብጬ አጠጣሁት፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መስኮቱን አየና «ማን ዘጋው?» አለ። አለፈ።

ሁለተኛው ግን አላለፈም። እራት በልተን እንዳበቃን አንድ መሣሪያ ረስቷት ኖሮ ወደ አሳንሰሩ ሊሄድ ተነሳ። በሩ ላይ ዞር ብሎ «በሉ እንግዲህ፣ ደህና ይቆዩ» አለ። በሉ! እኔን! ከወንበሬ እስክነሳ ኮሪደሩ ላይ የመውደቁን ድምፅ ሰማሁ።

ለስኳር ሕመምተኛ ቤተሰብ በሚሰጠው ሥልጠና ላይ ደጋግመው ነግረውናል፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ያንቀዋል። ስለዚህ ስኳሩን ተውኩት። ሐሴት ስኳር የሚያነሳውን የድንገተኛ መርፌ አመጣችልኝ፤ በግራ እጄ ጭኑ ላይ፣ በሱሪው ላይ ወጋሁት። በጎኑ አስተኛሁት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቱን ይዤ ዝም አልኩ። ይህን ያህል ዝም ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዓይኑን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ሱሪውን ነው።

«አዲስ እኮ ነበር» አለ።

አለቀስኩ።

በማግስቱ የክትትል ቢሮው በግድግዳው በኩል አናገረን። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እንደ ቄስ አይቸኩልም። «ኖላዊ በአንድ ማዕድ የሁለት ሰው ያህል ይመገባል። ዘበኛው ለሁለት ሰው ያህል ምግብ መድኃኒት ለመስጠት ይገደዳል። ይህ ሰውነቱን ያናውጣል። ስኳሩ ከሃምሳ አራት በታች መውረዱን አንድ ጊዜ ከደገመ፣ ለራሱ ጥቅም ወደ የተረጋጋ ኑሮ ሕንፃ ይዛወራል። መልካም ቀን።»

«የሁለት ሰው?» አልኩ። ልጄን አየሁት። ትከሻው መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ጃኬት ነው የሚመስለው።

«የት እንደማስቀምጠው ብትጠይቂልኝ ደስ ይለኛል» አለ ኖላዊ።

መዝገቡን ግን የሚጠራጠር የለም። ጎረቤቴ ራኬብ እንኳን «ወንድ ልጅ ተደብቆ ይበላል እኮ ፌቨን፣ እያየሽ» አለችኝ። እኔም አልዋሽም፣ ጠረጠርኩት። ከሥራ ሲመጣ ኪሱን ፈተሽኩ። አንድ ቀን አፉን አሸተትኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዳቦ በልተሃል?»

«ሃያ ሁለት ፎቅ ሙሉ የማይታመን ሰው አለ፤ አንቺ ግን የኔን አፍ ታሸቻለሽ። ሂጂ የራኬብንም አሽቺ።»

ደህና ነው ማለት ነው። ግን ፍርሃቴ አለቀቀኝም፣ ምክንያቱም የተረጋጋ ኑሮ ሕንፃን አውቀዋለሁ። የራኬብ ልጅ ዳግም እዚያ ነው። አብሬያት ሄጃለሁ።

ንጹሕ ነው። ሙቀቱ ልክ ነው። ኮሪደሩ ነጭ ነው፣ ወለሉ ድምፅ አያሰማም። ምግቡ በትናንሽ ኩባያ ሆኖ በሰዓቱ ይመጣል፤ እንጀራ የለም፣ ትሪ የለም፣ ሁሉም የየራሱን በማንኪያ ይበላል። እዚያ ቤት ማንም ወድቆ አያውቅም። ቁጥሮቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው፣ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ይበራል። ዳግም መጣ። ልጅ እያለ በኳሱ ሁለት መስኮት የሰበረብኝ ነው። እጁን ዘርግቶ እናቱን ጨበጣትና «ደህና ነዎት? በመምጣትዎ ደስ ብሎኛል» አላት። እኔንም ጨበጠኝ። ስንወጣ ራኬብ «አየሽ እንዴት እንደታረመልኝ» አለች። አሳንሰሩ ውስጥ ስንገባ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ኖላዊ እዚያ ከገባ፣ ልጄ ሁልጊዜ እዚያ ቤት ጨዋ ከሆነ፣ ስኳሩ መቼ እንደወረደ በምን አውቃለሁ? ቢያምረውስ በምን አውቃለሁ? ቢሰለቸውስ?

ስለዚህ ማዕድ ላይ ምክሬን አበዛሁት። እሱም ጉርሻውን አበዛው።

የቢሮው ነርስ ሲስተር ማኅደር እየመጣች ታየው ጀመር። ገና ልጅ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ «እማማ ፌቨን» ስትለኝ ድምፅዋ ደስ ይላል። ስንበላ ጥግ ተቀምጣ ሰሌዳዋን ይዛ ታያለች። እሷ በመጣች ቀን ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ኖላዊ በልክ ይበላል፣ ቁጥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ይውላል። እኔም እጄን ታቅፌ «በልቻለሁ» ብዬ እቀመጣለሁ። ምን ላድርግ? በሰው ፊት እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ልጎረስ? ይሉኝታ አለብኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ወተት እጠጣለሁ።

ከሁለት ሦስት ጉብኝት በኋላ ሲስተር ጫማዋን እያሰረች፣ አንገቷን ደፍታ፣ ነገሩን አወጣችው።

«እማማ ፌቨን፣ እኔ ስኖር ይስተካከላል፤ እኔ ስሄድ ግን ያው ነው፣ እንደገና የሁለት ሰው ይበላል። ይህን ሳቀርብ ቢሮው ምን እንደሚል ያውቁታል።»

«ምን ይላል?»

«ሁልጊዜ የሚታይበት ቦታ ይሁን ነው የሚለው።» ቀና አላለችም። «እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ እመጣለሁ። ምሳ ላይ።»

እሑድ ሰሌዳዋን ወደ ድምፅ ቀይራ መጣች፤ ዘበኛው የሚመዘግበውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚናገር ሆነ። የመጨረሻ ጉብኝት ላይ እንደዚያ ነው ደንቡ። ትሪውን አቀረብኩ፣ ማለቴ ሐሴት አቀረበች፤ ሽሮና ጎመን፣ ትንሽ ዓይብ። ኖላዊ ቆረሰና ጎረሰ።

«ኖላዊ ጎርሷል» አለ ሰሌዳው። «መጠን ተሰጥቷል።»

«ጎርሷል» አለ ኖላዊ አፉን እንደሞላ። «ምስክር ካስፈለገ ይኸው።»

ሲስተር ጥጓ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ ምግብ ቀርቦ ሰው ጥግ ሲቀመጥ ማየት አልችልም፤ ባለሥልጣንም ይሁን መልአክ።

«ቅረቢ እንጂ የኔ ልጅ።»

«አይቻልም እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምን ሥራ ነው ከመብላት የሚከለክል? በሞቴ።»

«እማማ ፌቨን፣ እውነቴን ነው፣ ክልክል ነው።»

«በሞቴ አልኩሽ! እኔ ደግሞ ለመሞት ሩቅ አይደለሁም።»

«አትመኛት» አለ ኖላዊ። «ይህን ማለት ከጀመረች እኔ ራሴ አባት ሆኛለሁ። ግን አንድ ካልጎረስሽ አትለቅሽም።» ብሎ ዓይቡን በጎመን ጠቀለለና እጁን ዘረጋ።

ሲስተር ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሰሌዳዋ አየች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች። የተዘረጋ ጉርሻ ማን ይመልሳል?

«ኖላዊ ጎርሷል» አለ ሰሌዳው። «መጠን ተሰጥቷል።»

ማንም አላስተዋለም፣ መጀመሪያ። አንድ ብቻ ደግሞ አጉርሶ የሚተው የለም፤ ኖላዊ ሁለተኛውን ጠቀለለ። ሲስተር ገና የመጀመሪያውን እያላመጠች እጇን ታወራጫለች፣ እሱ ደግሞ አልሰማም ብሎ ያስገባዋል።

«ኖላዊ ጎርሷል። መጠን ተሰጥቷል።»

ያን ጊዜ የሲስተር መንጋጋ ቆመ። ጉንጯ ተወጥሯል፣ መናገር አትችልም፣ ዓይኗ ብቻ ከሰሌዳው ወደ ኖላዊ፣ ከኖላዊ ወደ እኔ ይሄዳል። በጣቷ የራሷን አፍ አሳየች። ከዚያ ሰሌዳውን። ከዚያ እንደገና አፏን።

«ጎርሷል ይላል እኮ!» አለች ሐሴት። «አባዬ አልጎረሰም!»

ሲስተር እንደምንም ዋጠች። «እንደገና» አለች። «ለእማማ ያጉርሱ።»

አፈርኩ። ግን ከፈትኩ። ኖላዊ «ክፈቺ፣ አሳንሰሩ ደረሰ» አለ፤ በሰው ፊት!

«ኖላዊ ጎርሷል።»

ለሐሴት አጎረሳት። ኖላዊ ጎርሷል። ለሲስተር ደገመ። ኖላዊ ጎርሷል። ሳቅ ሆነ፤ ሲስተር ማመን አቅቷት ደጋግማ ታዘዋለች፣ እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰሌዳው ልጄን ይወነጅለዋል፣ ሐሴት ደግሞ «ተረኛ ነኝ» እያለች ትጋፋለች። ኖላዊ እኛን ሲያበላ ለራሱ አንዴ እንኳ አልደገመም። ማንም ልብ አላለም። እኔም አላልኩም፣ እኔም!

«አንባሩ ያለበት እጅዎ ወደ አፍ ሲሄድ ነው ዘበኛው የሚቆጥረው» አለች ሲስተር፣ ዓይኗን እያበሰች። «የማን አፍ እንደሆነ አያውቅም። ይህን የሠሩት ሰዎች ሰው ለሰው ያጎርሳል ብለው አላሰቡም። እማማ፣ እጅዎ ከተሰበረ ጀምሮ እርስዎ ለበሉት በሙሉ መድኃኒቱን የወሰደው እሱ ነው።»

ሳቄ ቆመ።

እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር እናገር ነበር፣ በተናገርኩ ቁጥር አፌን ይሞላዋል፣ አፌን በሞላው ቁጥር ሆዱ ላይ ያለችው ቁልፍ መርዝ፣ መድኃኒት ልበል፣ ትሰጠው ነበር። ይህን እያሰብኩ ሲስተር ወደ ሰሌዳዋ ጎንበስ አለች፣ የምትናገረውን ልታዘጋጅ። ኖላዊ ከትሪው ራቅ ብሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ሲስተር፣ ስለደከሙልን ከልብ አመሰግናለሁ» አለ። «እናቴ፣ እርስዎም ይረፉ እንጂ።»

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ያለዎት» አለች ሲስተር።

ዘልዬ ተነሳሁ። በእኔ ዕድሜ ዘልዬ!

ቁጥሩ አረንጓዴ ነው። መሳቢያውን ጎተትኩት፤ «አሁን አያስፈልግም» አለኝ። ነጠላዬን ያዝኩ። ቋጠሮውን ያጠበቅኩት እንዳይፈታብኝ ብዬ ነው፣ አሁን በአንድ እጅ እንዴት ይፈታ? በጥርሴ ያዝኩት። ሲስተር «ምን ሆኑ?» ትላለች፣ እኔ ጥርሴ ሥራ ላይ ነው። ግንባሩን አየሁት፣ ላብ ጀምሯል። ተፈታ።

«እንካ፣ ብላ።»

«አይ እናቴ፣ እርስዎ ይብሉት። እኔ ደህና ነኝ።»

«ብላ አልኩህ!»

«አያስቸግሩ እባክዎ» ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ፣ እንደ ዳግም። ስኳሩ ሲወርድ ግትር ይሆናል፣ በክርክር አይሸነፍም። ስለዚህ መከራከሩን ተውኩ። ስኳሩን በጣቶቼ ሰበሰብኩና እጄን ወደ አፉ ዘረጋሁ። ራሱ ቢጠፋበትም እጄን አልመለሰም፤ አፉን ከፈተ። ዋጠ። ደገምኩት። ዋጠ። እስኪያልቅ ድረስ።

ቁጥሩ ያኔ ነው የተንቀሳቀሰው። ሰባ። ስልሳ አራት። ቢጫ ሆነ። መሳቢያው ቀጭ ብሎ ተከፈተና «እባክዎ ይውሰዱ» አለ። ሲስተር ከዚያ የወጣውን ጭማቂ ይዛ ተንበረከከች፣ እሱንም አጠጣነው። ስልሳ። ሃምሳ ሰባት። ከሃምሳ አራት በታች ከወረደ ማንም አያስረዳም፣ የሚያዛውሩትን ሰዎች ግድግዳው ራሱ ነው የሚጠራቸው። ሃምሳ ስድስት። ሐሴት መጥታ ቀሚሴን ያዘች። ሃምሳ ስድስት። አሁንም ሃምሳ ስድስት።

ስልሳ አንድ።

ለመናገር ደፈርኩ። «ኖላዬ፣ ይቺ ሹራብህ እኮ...»

ወደ እኔ አየ። ወደ ግራ እጄ አየ፤ ጣቶቼ ላይ ስኳሩ ተለጥፏል።

«በግራ እጅሽ ነው ያጎረስሽኝ?» አለ። «በእንግዳ ፊት? ምን አደረግኩሽ?»

መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ሲስተር ማኅደር ደግሞ ፊቷን አዞረች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ሰሌዳዋን አነሳች።

«ማስተካከያ» አለችው። «ዛሬ ከኖላዊ እጅ የጎረስኩት እኔ ማኅደር ነኝ። እናቱና ልጁም ጎርሰዋል።»

«አልገባኝም» አለ ሰሌዳው። «ኖላዊ ጎርሷል።»

«አልጎረሰም። እኔ ነኝ የጎረስኩት።»

«በሥራ ላይ መመገብ ክልክል ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «መዝግበው።»

መዘገበው። ልጄ አልተዛወረም። ሲስተርን ለአንድ ወር ሌላ ሥራ ላይ አደረጓት፣ ከዚያ መለሷት፤ አሁን ስትመጣ ጥግ አትቀመጥም።

ቢሮው ደግሞ መፍትሔ አመጣ። ከተማው ውስጥ ያለው አንባር ሁሉ አሁን እጅ ከትሪ በተነሳ ቁጥር «ለማን?» ብሎ ይጠይቃል። ምግብ ቤት ብትገቢ ከየጠረጴዛው «ለማን? ለማን?» ነው የምትሰሚው፣ ሰውም «ለኔ፣ ለኔ፣ ለኔ» ይላል። ሰርግ ላይ «ለሙሽራዋ» ሲባል ሰምቻለሁ። አንዳንዱ መልስ መስጠት ሰልችቶት ማጉረሱን ትቶታል አሉ። ኖላዊ አልተወም። «ለማን?» ሲለው «ለዚያች ብዙ ለምታወራው» ይለዋል። አንባሩ ለምዶታል፤ «ገብቶኛል» ብሎ ዝም ይላል።

በዕድሜዬ አጥንቱ ቶሎ ስላልገጠመ ጀሶው የተፈታልኝ ለትንሣኤ ነው። እጄ ቀጥኗል ግን ይታዘዛል። የመጀመሪያውን ጉርሻ በቀኝ እጄ ጠቅልዬ ለልጄ ዘረጋሁለት። የኔ እጅ አንባር የለውም፣ የሚጠይቀኝም የለም።

ኖላዊ አልጎረሰም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ፣ እናቴ» አለኝ።

ግድግዳውን አላየሁም። ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣልኩት፣ ቋጠሮዬን ፈታሁ፣ ስኳሩን አፉ ውስጥ ከተትኩ። እያነቀው፣ እየሳቀ፣ ስኳሩ ጢሙ ላይ እየተበተነ፣ «ፌቪ! እየቀለድኩ እኮ ነው!» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አላወቅኩም ነበር።